እኔ የጠመጠምሁት ሽቦ

ይቤ፣

በመቃብርህ ላይ የበቀለውን ሣር ሁለት ጊዜ አሳጨድሁ፤ ከተለየኸን ሁለተኛው መስከረም ጠባ ማለት ነው። ለነፍስህ ሰላም ይሁን። እኛም በጤናችን ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን ደብዳቤ ሣጥን ውስጥ አልቆልፈውም፤ ለሚያነበው ሰው ሁሉ ክፍት ነው። ያንተ የመጨረሻ ቃል በሽማግሌዎች ፊት፣ ሰው እየሰማ ተነግሯል። የኔ መልስ በትራስ ሥር የሚደበቅበት ምክንያት አይታየኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። በበሩ አጠገብ ያለው ማንጎ ሥሩ አጥሩን ገፍቶ ጣለው። ሰዎች ዛፉን አስቆርጪው ቢሉኝም እኔ አጥሩን ወደ ውጭ አስፋሁት። የስፌት መኪናዬን ከሳሎን አውጥቼ መናኸሪያው አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ፤ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ በሠርግ ወር ደግሞ የሚዜ ልብስ። እናቴ ጉልበቷ ስለደከመ ቀፎዎቿን ለወንድሜ ትታ ከቡሬ ገጠር መጥታ ከኔ ጋር ነች። ካፖርትህን ለጎረቤታችን ለአያ ፈንታ ሰጠኋቸው፤ ለብሰውት ሲያልፉ ከኋላቸው አንተ እየመሰሉኝ ስንት ጊዜ መንገድ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። መብራቱ እንደ ድሮው ይጠፋል። ልጃችን ማስተዋል ቁመቷ እኔን አልፏል፤ አካሄዷ ግን ያንተው ነው፤ ከሩቅ የሆነ ነገር እንደምትሰማ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ ነው የምትሄድ።

አሁን ወደመጣሁበት ልግባ። ስለ ጊታሩ ነው።

ጊታሩ ወደ ቤታችን ሲገባ ጊታር ለመባል የሚበቃ አልነበረም። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ከጦር የሙዚቃ ክፍል ወደ ቡሬ የተመለሰ አንድ ሰው ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ኖሮ፣ አንተ በሬዲዮናችን ለወጥኸው። ሬዲዮኑ አጎቴ ለሠርጌ የሰጠኝ ነበር፤ ቢሆንም ስትለውጠው ቅር አላለኝም፤ ጊታሩን ታቅፈህ ከአውቶቡስ ስትወርድ ፊትህ ላይ የነበረውን ደስታ አይቻለሁና። የድሮ ፋሽን የሆነ፣ ሁለት ቀንድ ያለው፣ ቀይ ቀለሙ የተላላጠ፣ የፋብሪካው ስም ከአናቱ ላይ ተፍቆ የጠፋ የኤሌክትሪክ ጊታር ነበር። አንገቱ ተሰንጥቋል። አምፕሊፋየር ላይ ሲሰካ ከዜማው ይልቅ ጉምጉምታው ይበልጣል። እናቴ ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ ድምፁን ሰምታ ቤታችን ንብ የሰፈረበት መስሏት በየጥጉ ስትፈልግ እንዴት እንደሳቅን ታውቃለህ።

በዚያ ጊዜ በፍኖተ ሰላም የባህል ቡድን ውስጥ ትጫወት ነበር፤ በበዓል ቀን መድረክ ላይ፣ በቀረው ጊዜ በሠርግ ቤት። ሠርግ ቤቶች ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ከበሮውንም ዋሽንቱንም የሚያወጣበትን ኪቦርድ መውደድ ጀምረው ነበር። ከቡድን ሰው ይቀነስ ሲባል መጀመሪያ የሚነሣው የጊታር ተጫዋቹ ስም ሆነ። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳህ። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «እንደ ማሲንቆ የሚያለቅስ ካደረግሁት ማን ይቀንሰኛል?» አልኸኝ። እኔም እናድርገዋ አልሁህ።

እናድርገው ነው ያልሁት። አድርገው አላልሁም።

አንገቱን ቡሬ ላለው አናጢ ወስደህ በደረቀ ዋንዛ አሠራኸው። በአሮጌው አንገት ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች አንድ በአንድ ነቅለህ በአዲሱ ላይ ተከልህ፤ ጫፋቸው እጅ እንዳይቧጥጥ በሞረድ ስታለዝባቸው ሰነበትህ። አናቱ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ፕላስቲክ ተሰብሮ ነበር፤ ለፋሲካ ከታረደው በሬ ቅልጥም አንዲት አጥንት አስቀርተህ፣ ቀቅለህ፣ አድርቀህ፣ ሞርደህ በቦታው ተካህ። ቀዩን ቀለም በመስታወት ስባሪ ፋቅነው። ከሥሩ የወጣውን እንጨት እኔ በኑግ ዘይት ደጋግሜ አሸሁት፤ ሲደርቅ የጠጅ መልክ ያዘ።

ጉምጉምታው ግን አልለቀቀም። ችግሩ ከክሮቹ ሥር የተቀመጡት ሁለት የድምፅ መያዣዎች፣ አንተ ፒካፕ የምትላቸው ነበሩ። አንደኛው ዝጎ ሞቷል፤ ሌላው ይሠራል፣ ግን ድምፁ ቀጭንና ጉምጉምታ የበዛበት ነው። የሞተውን ስትከፍተው ከጸጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ አየሁ። ሁለት አዲስ እንሥራ አልህ። ከአሮጌ ጀሪካን ፕላስቲክ ቆርጠህ መጠምጠሚያዎቹን ሠራህ፣ ከተጣለ የድምፅ ማጉያ ማግኔት አወጣህ፣ ከተቃጠሉ ሬዲዮኖች ሽቦ ለቀምህ። ከዚያ በእጅህ መጠምጠም ጀመርህ። ተበጠሰ። እንደገና ጀመርህ፣ እንደገና ተበጠሰ። በመጨረሻ ሽቦውን ጠረጴዛው ላይ ወርውረህ ወጣህ።

እኔ በመኪናዬ የሱሪ ጠርዝ እየሰፋሁ ነበር። የስፌት መኪና የታችኛው ክር የሚጠመጠምባት ትንሽ መንኮራኩር አለቻት። ያንን የፕላስቲክ መጠምጠሚያ እዚያ ላይ አስገብቼ፣ ሽቦውን በጥጥ ጨርቅ መሀል በሁለት ጣቴ ይዤ፣ ፔዳሉን በቀስታ መርገጥ ጀመርሁ። ክር ሲላላም ሲከርም ጣቴ ያውቀዋል፤ ሽቦውም እንደ ክር ነበር፣ ትንሽ ቁጡ መሆኑ ነው እንጂ። አንተ ስትመለስ ግማሹ ሞልቶ ነበር። በር ላይ ቆመህ እጄን ስታይ ነበር። ሲያልቅ የሬዲዮ ጠጋኙ ዘንድ ሮጠህ አስለካኸውና መጥተህ ጣቶቼን አንድ በአንድ ሳምሃቸው።

ሁለተኛውን ከመጠምጠሜ በፊት እናቴ ክር ስትደርብ ያየሁት ነገር ትዝ አለኝ። ነጠላውን ክር ወደ አንድ አቅጣጫ ትፈትለዋለች፤ ሁለቱን ስትደርብ ግን ወደ ተቃራኒው ታከርረዋለች፤ አለዚያ ክሩ በራሱ ላይ እየተጠማዘዘ ያስቸግራል። ይኸኛውንስ ወደ ግራ ብጠመጥመው አልሁህ። ብዙ አሰብህ። ከዚያ እኔ ወደ ግራ ጠመጠምሁት፤ አንተም የመጀመሪያውን ማግኔት ገልብጠህ ገጠምኸው። ሁለቱን አንድ ላይ ስታበራቸው ጉምጉምታው እልም አለ። ቤቱ ውስጥ የቀረው የማንጎው ቅጠል ድምፅ ብቻ ነበር።

አምፕሊፋየሩ ከፍ ሲል ግን ያፏጭ ነበር፤ ጥቅልሉ በሰም ካልተነከረ አይተውም ብሎ አንድ አሮጌ ሙዚቀኛ ነገረህ። ሰሙን እናቴ ከቀፎዋ ላከችልን። በፈላ ውሃ ላይ በጣሳ አቅልጠን፣ ሽቦዎቹን አየራቸው ቡልቅ ቡልቅ እያለ እስኪያልቅ ነክረን አወጣናቸው። ከዚያ ወዲያ ያ ጊታር በእጅ ሲሞቅ የማር ሽታ ይሸት ነበር። አሮጌዎቹን መያዣዎች አንተ በብስኩት ቆርቆሮ አድርገህ ቁምሳጥኑ ላይ አስቀመጥሃቸው፤ ኦሪጅናል ዕቃ አይጣልም እያልህ።

ቡሬ በነበረው ሠርግ መጀመሪያ ስትጫወትበት እኔም ነበርሁ። ሽማግሌዎቹ የማሲንቆ ተጫዋቹን ፍለጋ ዞር ዞር ሲሉ አንተ ከመድረኩ ወደኔ አየህ። ስሜን አልጠራህም። እንድትጠራው አልጠበቅሁም፤ ሁለታችን ብቻ የምናውቀው ነገር መኖሩ ይጣፍጠኝ ነበር። ሞኝነቴ እዚያ ላይ ጀመረ።

ማስተዋል እጇ ለጊታሩ አንገት ሲደርስ ማስተማር ጀመርህ። ከማንጎው ሥር ተቀምጣችሁ ትዝታውን፣ ባቲውን ጣቷን እየያዝህ ስታሳያት ሳያችሁ ውያለሁ። ይህ ያንቺ ነው ትላት ነበር፤ አንዴ አይደለም፣ እንግዳ ባለበትም አይደለም፣ እኛ ብቻ ስንሆን ነው እንጂ። አሁን ሳስበው ለካ ሰው ፊት ብለኸው አታውቅም። ጉበትህ ታሞ ባሕር ዳር ተኝተህ ሳለ ግንባርህን በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግልህ እጄን ያዝኸኝና፣ «ጊታሩን ለማስተዋል። አደራ» አልኸኝ። እኔም ለሷ ነገርኋት። ልጅቷ አባቷ ሊሞት እንደሆነ የገባት ያኔ ነው።

ከዚያ ቤት ይሻለኛል ብለህ አመጣንህ። አበጀ በየቀኑ ይመጣ ነበር። የቡድኑ ዘፋኝና መሪ፣ ከተማሪ ቤት ጀምሮ ጓደኛህ ነውና ብርቱካን ይዞ ሲገባ ደስ ይለኝ ነበር። ወንድ ለወንድ ተጫወቱ ብዬ እናንተን ትቼ ወደ ጓዳ እገባ ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ አርባህ በወጣ ሰሞን፣ አበጀ ሁለት ሰው ይዞ መጣ፤ አያ ፈንታንና የንስሐ አባታችንን መምሬ ጥበቡን። ለመጽናናት የመጡ መስሎኝ ወንበር አቀረብሁ። ማስተዋል የእጅ ውሃ ልታመጣ ወጣች። መምሬ ጥበቡ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የሟች ቃል አደራ ስለሆነ ነው የመጣነ፣ ልጄ፣ አሉኝ። ከመሞትህ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ እሳቸውና አያ ፈንታ በተቀመጡበት፣ ጊታሩን ለአበጀ መናዘዝህን ነገሩኝ።

የሰማሁትን ማመን አቅቶኝ የማስተዋል ነው እኮ አልሁ። አያ ፈንታ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው፣ ይህንኑ ይበልጣልን ጠይቀነው ነበር አሉ። «ሴት ልጅ ጊታር ተሸክማ በየሠርግ ቤቱ ስትዞር አልወድም ነው ያለን።»

ማስተዋል ማስታጠቢያውን ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ሰማች። ውሃውን አስቀምጣ ተመልሳ ወጣች።

አበጀ የኔን ዝምታ ማለዘቢያ ይሆናል ብሎ ይመስለኛል ጊታሩን ማመስገን ጀመረ። እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው ጊታር በጎጃም የለም፣ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቢበላሽ ነውር ነው አለ። ከዚያ ደግሞ፣ ድምፁን የሠራው አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ እንደሆነ ይበልጣል ራሱ አጫውቶኛል፣ እንዲህ ያለ ሰው አሁን ከየት ይገኛል አለ።

ይቤ፣ የመጀመሪያው ነገር ወጋኝ፤ ይኸኛው ግን ገደለኝ። ሁሉን ነገር የሚያውቀው ጓደኛህ ስለኔ እጅ ምንም አያውቅም። ለእሱ የነገርኸው አዲስ አበባ ስላለ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው የለም። በየመድረኩ ድምፁ ተመስግኖ ማን ሠራልህ ስትባል፣ ሚስቴ በስፌት መኪናዋ ማለት አሳፍሮህ አንድ ሰው ፈጥረህ ኖሯል። ለስንት ሰው ነገርኸው? በሠርግ ቤት እኔን ሰላም የሚሉኝ ሰዎች ሁሉ ያንን ባለሙያ እያመሰገኑ ነበር?

እስከ እሑድ ስጡኝ አልኋቸው። ሰጡኝ።

እነሱ ሲሄዱ እናቴ ከጓዳ ወጣች። እንደምታውቃት ነገርን ዞር አድርጋ ነው የምትናገር። «ያበጀነው እኛ፤ የወሰደው አበጀ» ብላ ተመልሳ ገባች።

ያን ሳምንት ሥራ አልሠራሁም። ስለ አንተ አሰብሁ። አንተ ለውጭ ሰው እምቢ ማለት አትችልም ነበር። ጎረቤት መሰላል ቢጠይቅ ጣሪያ ላይ ሆነህም ቢሆን ወርደህ ትሰጣለህ። እምቢታህን ሁሉ ለቤት ታስቀምጠው ነበር፤ እኛ አንቀየምህማ። አበጀ አልጋህ አጠገብ ተቀምጦ ሲለምንህ ይታየኛል፤ አንተም አንገትህን ስትነቀንቅ ይታየኛል። ይህንስ በድካምህ ይቅር እለዋለሁ። ይቅር ማለት ያቃተኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሽማግሌዎቹን ከሸኘህ በኋላም ነፍስህ አልወጣችም። ሾርባ በማንኪያ አጎርስህ ነበር። ማስተዋል ጠዋት ጠዋት ከእግርህ ሥር ተቀምጣ ቀስ ብላ ትጫወትልህ ነበር፤ ለራሷ የተሰጣት መስሏት፣ ይኸው አልረሳሁትም ልትልህ። ዓይንህን ጨፍነህ አዳመጥሃት። አንዲት ቃል አላወጣህም። ለእኛ የሰጠኸን አደራ ሌላ፣ ለሰው የሰጠኸው ቃል ሌላ ሆኖ፣ ሁለቱ ከሞትህ በኋላ ሳሎናችን ውስጥ ተገናኙ።

ማስተዋል አላለቀሰችም። ስለ ጊታሩም ዳግመኛ አላነሣችም። የግራ እጇን ጥፍሮች ማሳደግ ጀመረች። ክር የሚጫን ሰው የግራ ጥፍሩን እንደሚያሳጥር ያስተማርሃት አንተ ነህ። ሲረዝሙ ቀይ ቀባቻቸው። ወደ ማዕድ በቀረበች ቁጥር ዓይኔን ወዴት እንደማደርግ ይጠፋኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጊታሩን በረንዳ ላይ አወጣሁት። መጀመሪያ ትልቅ ካርቶን ላይ አስተኝቼ ቅርጹን ልብስ በምቀድበት ጠመኔ ዙሪያውን አሰመርሁ። ከዚያ ክሮቹን አላልቼ ከፈትሁት። የጠመጠምኋቸው ሁለቱ ሽቦዎች በእናቴ ሰም እንደተሸፈኑ ነበሩ። አወጣኋቸው። ማግኔቶቹን ያመጣሃቸው አንተ ስለሆንህ ከሥራቸው ፈልቅቄ በጨርቅ ቋጠርኋቸው። የዋንዛው አንገትና የበሬው አጥንት ያንተ ሥራ ናቸውና አልነካኋቸውም። የብስኩቱን ቆርቆሮ አውርጄ አሮጌዎቹን መያዣዎች፣ የሞተውንም ያለውንም፣ በቦታቸው መለስሁ። ሽቦአቸውን የሬዲዮ ጠጋኙ መጥቶ በካውያ በየደልኝ። ምን እያደረግሽ ነው ብሎ አልጠየቀኝም፤ እጄን አይቶ ይሆናል።

እሑድ ሦስቱም መጡ። ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ፣ ማግኔቶቹን ከጎኑ አስቀምጬ በግልጽ ነገርኋቸው። ይበልጣል ጊታሩን ተናዝዟል፤ ጊታሩ ይኸው፣ ድምፁ ከቡሬ እንደመጣ ነው። በኋላ የገባው ሽቦ እኔ የጠመጠምሁት ስለሆነ አንሥቼዋለሁ፤ የሰው ንብረት ደግሞ በኑዛዜ አይሰጥም አልሁ።

አበጀ የሰማው አልገባውም። አዲስ አበባ ያለው ባለሙያ እኮ ነው እያለ ደጋገመ። መምሬ ጥበቡ የሁላችንንም ፊት ካዩ በኋላ ነገሩን ሊያበርዱልኝ፣ ባለሙያ ማለቱ አንቺን ማለቱ ይሆናል፤ ባለሙያ ሴት ይባል የለ አሉ። እኔም፣ አባቴ፣ አዲስ አበባን በዓይኔ አይቼ አላውቅም አልኋቸው።

አያ ፈንታ ካፖርትህን እንደለበሱ ቀና ብለው አዩኝ። «እውነት አንቺ ነሽ የጠመጠምሽው?»

አዎ አልሁ።

«እንግዲያ ሟች ዋሽቷል ማለት ነው?»

አዎ ማለት እችል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አርባህ ገና መውጣቱ ነው። በዚያ ቤት ያለህ ስምህ ብቻ ነበር። «አልዋሸም። ታሞ ስለነበር ረስቶት ነው» አልኋቸው። አበጀ ለስንት ዓመት እንዳወራኸው ያውቃልና አንገቱን ደፋ። መምሬ ጥበቡም የገባቸው ይመስለኛል፤ ባርከውኝ ሲወጡ እጃቸውን ራሴ ላይ ከወትሮው አቆዩት።

እንግዲህ እንዲህ ነው፤ አንተ እኔን ሸሸግኸኝ፣ እኔ አንተን ሸፈንሁህ።

ከዚያ ወዲያ አበጀ በሠርግ ቤት ሲጫወትበት ጉምጉምታው ተመልሶ መምጣቱን ሰማሁ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ጊታሩን ይዞ ሱቄ መጣ። እትዬ እያለ፣ እንደነበረው አድርጊልኝ፣ ማንም አይሰማም አለኝ። ማንም አይሰማም ያለው እኔን ለመጥቀም ይመስለው ነበር። እሠራልሃለሁ አልሁት፤ የመጀመሪያውን ማን እንደሠራው ለቡድኑ ሁሉ በነገርህ ማግሥት በሬ ክፍት ነው። ጊታሩን አንሥቶ ሄደ። እስካሁን አልተመለሰም።

በካርቶን ያሰመርሁትን ቅርጽ ቡሬ ላለው አናጢ ወሰድሁለት። አካሉንም አንገቱንም ከዋንዛ ሠራው፤ የክር መቃኛዎቹን አንድ ሾፌር ከባሕር ዳር አመጣልኝ። ማግኔት ፈልጌ ገዛሁ፤ ሽቦዎቹን ግን አልለወጥኋቸውም። ጊታሩን ለማስተዋል አላሳየኋትም፤ ሱቄ ውስጥ ከጨርቅ ጥቅልሎች መሀል አቆምሁት፤ ራሷ ታየው ዘንድ ብቻ። ሳታነሣው ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የግራ እጇ ጥፍሮች ተቆርጠው አየሁ። ዩኒፎርም መስፋቴን ቀጠልሁ። ከኋላዬ ስትቃኘው ሰማሁ። ያኔ ነው ያለቀስሁ፤ ለአንተ በለቅሶህ ቀን ካለቀስሁት የባሰ።

ባለፈው ሰኔ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ መድረክ ላይ ወጥታ ተጫወተች። ወላጆች ከኋላ ቆመን ነበር። ስትጨርስ ጭብጨባው አላቆም አለ። የመድረኩ መሪ ማይኩን አስጠግቶ፣ ይህን ድምፅ ከየት አመጣሽው ብሎ ጠየቃት። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። ያንተ ልጅ ናት፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያንተን ጥያቄ ተጠይቃለች።

«መጫወት ያስተማረኝ አባቴ ነው» አለች፤ «ድምፁን የሠራችው እናቴ ናት።»

ይኸው ነው ይቤ። ይህን ያህል አጭር ነበር። አንተን አልሸሸገችም፣ እኔንም አልሸሸገችም። አጠገቤ የቆመች አንዲት ሴት አንቺ ነሽ እንዴ ብላ ክንዴን ያዘችኝ፤ አዎ አልኋት። ከዚያ ሰው ለሰው ሲነግር ሰማሁ። ሰማይ አልወደቀም፤ ማንም አልሳቀም። አንተ ያን ሁሉ ዓመት የፈራኸው ምን እንደነበር ቆሜ ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም። የምናደደውም በዚህ ነው።

እንዳልረሳህ አትስጋ። የምፈራው ግማሽህን ብቻ እንዳላስታውስ ነው። ጣቶቼን አንድ በአንድ የሳመውን ሰው አስታውሳለሁ፤ ልጁ እግሩ ሥር ስትጫወት ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ያለውንም አስታውሳለሁ። ሁለቱ አንድ ሰው እንደሆኑ ለማመን ሁለት መስከረም ፈጅቶብኛል፤ አሁን አምኛለሁ።

የዘንድሮውን ሙት ዓመትህን እደግሳለሁ። ስምህ በቅዳሴ ይነሣል፤ ሰው ሁሉ ስለ ደግነትህ ሲያወራ እሰማለሁ፣ እውነት ነውና አሜን እላለሁ። ስለ ጊታሩ የጠየቀኝ ሰው ካለ ግን እንዴት እንደነበረ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እነግረዋለሁ። ታሞ ስለነበር ረስቶት ነው ብዬ ሁለተኛ አልሸፍንልህም።

ነፍስህን በገነት ያኑራት።

ሚስትህ ጥሩዓለም
ፍኖተ ሰላም